ዕቁቤን ትቼ የቁጠባና ብድር ማኅበር ልግባ?

የጠያቂያችን ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የአበሻ ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ የሚኒባስ ታክሲ ሾፌር ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። ጥልፉን ለሌላ ሰው እያሠራሁ ትርፉ ከእጄ ስለሚወጣ የራሴን የጥልፍ መኪና መግዛት አስቤያለሁ፤ ከያዝኩት ላይ 48,000 ብር ይጎድለኛል። በየሳምንቱ 500 ብር የምጥልበት የ20 ሰው ዕቁብ አለኝ፤ እስካሁን 13 ሳምንት ጥያለሁ፣ ዕጣዬ ግን ገና አልወጣም። አንዲት ጎረቤቴ ዕቁቡን ትቼ በወረዳችን ባለው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር እንድገባ ትወተውተኛለች። ጎጃም ያለው አባቴ ‹ማኅበር አንዴ በሬዬን ወስዶብኛል› ብሎ አይሆንም አለኝ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ደግሞ እዚያ ‹ክሬዲት ዩኒየን› በሚሉት ማኅበር ገንዘቡን እንደሚያስቀምጥና መኪናውንም በእሱ ብድር እንደገዛ ነግሮኝ ግቢ ይለኛል። ገንዘቤ ቢጠፋብኝስ? ደግሞም ጎረቤቴ እሷ ለምትበደረው 90,000 ብር፣ ገብቼ ጥቂት ወር እንደቆጠብኩ ዋስ እንድሆናት ጠይቃኛለች፤ ለባለቤቴ መንገር አያስፈልግም ብላኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ውድ እኅታችን፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ዕቁቡ በሰፊው ጽፈው ስለ ዋስትናው ግን መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ማለፍዎን ሳይ፣ የሚከብድዎት ነገር የትኛው እንደ ሆነ የገባኝ መሰለኝ። ስለዚህ መልሴን በሁለት ቃል ላስቀምጠውና ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ላብራራ፦ ማኅበሩን መርምረው ይግቡ፤ ዋስትናውን አይፈርሙ። አባል የሚሆኑበት ማመልከቻና ለሌላ ሰው ዕዳ የሚፈርሙበት የዋስትና ቅጽ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያስከትልም፤ ማኅበሩም አባል ለመሆን ለማንም ዋስ እንዲሆኑ ሊጠይቅዎት አይችልም።

በመጀመሪያ አባትዎን ልስማቸው፤ ንግግራቸው ከባዶ የመጣ አይደለምና። በ1970ዎቹ የተቋቋሙት የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደረጃ ነበራቸው፤ «መልባ» በሚባለው ደረጃ መሬቱ የጋራ ሲሆን፣ «ወልባ» ላይ ሲደረስ በሬውና ማረሻውም ጭምር ከገበሬው እጅ ወጥቶ ወደ ማኅበሩ ይገባ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ገበሬው እነዚያን ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ መበተኑ ምን ያህል ሳይወድ እንደገባ የሚያሳይ ነው። በሬው የተወሰደበት ሰው «ማኅበር» የሚለውን ቃል ቢፈራ አልፈርድበትም። ጎረቤትዎ የሚነግሩዎት ማኅበር ግን ከዚያ የተለየ ዘር አለው። በአገራችን የቁጠባና ብድር ማኅበር የተጀመረው ከደርግ በፊት፣ በ1950ዎቹ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች መካከል ነው፤ ደመወዝተኞች ከደመወዛቸው ላይ በየወሩ ጥቂት ብር እያስቀመጡ እርስ በርሳቸው ይበዳደሩ ነበር። ዛሬ በየወረዳውና በየመሥሪያ ቤቱ የምናያቸው ማኅበራት የሚተዳደሩት በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ሲሆን፣ መግባትም መውጣትም በፈቃድ ነው። ለአባትዎ ስልክ ሲደውሉ «በሬ አይወስዱም፤ የማዋጣው ገንዘብ በስሜ ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ ስወጣም ዕዳ ከሌለብኝ ቁጠባዬን ይዤ እወጣለሁ» ቢሏቸው ሐሰት አይሆንብዎትም።

ከመግባትዎ በፊት አንድ ቃል ላይ እንግባባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ቃል ነውና። በዕቁብ «ዕጣ» የሚወጣልዎት ነገር ነው፤ በኅብረት ሥራ ማኅበር ግን «ዕጣ» የሚገዙት ነገር ነው። ሲመዘገቡ መመዝገቢያ ይከፍላሉ፤ ይህ አይመለስም። ቀጥሎ በመተዳደሪያ ደንቡ የተወሰነውን ያህል ዕጣ ይገዛሉ፤ ይህ የባለቤትነት ድርሻዎ ስለሆነ እንደ ቁጠባ በፈለጉ ቀን የሚያወጡት ገንዘብ አይደለም። ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚከፍሉት መደበኛ ቁጠባ ይመጣል፤ ብድርዎ የሚሰላው በእሱ ላይ ነው። ብዙ ማኅበራት ከዚህ ሌላ ሲፈልጉ የሚያስገቡትና የሚያወጡት የፍላጎት ቁጠባና የልጆች ቁጠባ አላቸው። ሦስቱን ገንዘብ ማለትም መመዝገቢያውን፣ ዕጣውንና ቁጠባውን በየራሳቸው ደረሰኝ ይቀበሉ፤ በደብተርዎ ላይም ተለያይተው መጻፋቸውን እዚያው መስኮቱ ፊት ቆመው ያረጋግጡ። ገንዘብ ያዡ ቢቸኩል፣ ከኋላዎ ሰልፍ ቢኖርም፣ አይቸኩሉ።

ባለ ዕጣ መሆን ምን ይሰጣል ቢሉ፣ አዋጁ ማንም አባል ከማኅበሩ የተከፈለ ካፒታል ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዝ ይከለክላል፤ በጠቅላላ ጉባኤም አንድ ዕጣ ያለውና ብዙ ዕጣ ያለው እኩል አንድ አንድ ድምፅ አላቸው። ባንክ ውስጥ እርስዎ ደንበኛ ነዎት፤ የባንኩን ትርፍ የሚካፈሉት ሌሎች ናቸው። ማኅበሩ ውስጥ ግን ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ከተያዘ በኋላ ቀሪውን ምን እናድርገው ብሎ የሚወስነው እርስዎ የተቀመጡበት ጉባኤ ነው። የቁጠባ ወለዱንም ከባንኩ ጋር ያነጻጽሩ፤ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበርና፣ ማኅበሩ ከዚህ በታች የሚከፍል ከሆነ በምን እንደሚክስዎት ጠይቁ። እውነቱን ለመናገር፣ በወለድ ብቻ ሀብታም የሆነ የማኅበር አባል አላየሁም። ትልቁ ጥቅም ብድሩ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ጠባብ ሱቅ ተከራይታ የምትሰፋ ሴት ባንክ ብትሄድ ቤት ወይም ተሽከርካሪ አስይዢ ትባላለች፤ ማኅበሩ ግን የሚያየው የቁጠባ ደብተሯንና ዋሶቿን ነው።

አሁን ወደ ዕቁቡ። ጎረቤትዎ «ተዪው» ማለታቸውን አልደግፍም። ዕቁብ ላይ 13 ሳምንት ጥለው፣ ዕጣዎ ሳይወጣ፣ ሰባት ሳምንት ሲቀር መተው ዳኛውንም ጸሐፊውንም ማስቸገር፣ የራስዎንም ስም ማጉደፍ ነው። የ10,000 ብር ዕጣዎ በእነዚህ ሰባት ሳምንታት ውስጥ መውጣቱ አይቀርምና ይጨርሱት። ዕቁብ ወለድ የለውም፣ ወረቀትም አያበዛም፤ ዕጣው በመጀመሪያው ሳምንት የወጣለት ሰው የ20 ሳምንት ብድር ያለ ምንም ወለድ አገኘ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ብድር ከየትም አይገኝም። ችግሩ ያለው መጨረሻ ላይ ለሚደርሰው ሰው ነው። እሱ ገንዘቡን 20 ሳምንት ለሌሎች አበድሮ ያንኑ ገንዘብ መልሶ ይቀበላል፤ በዚያ መሃል የክርና የጥልፍ ሐር ዋጋ ጨምሮ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው ችግር መጠኑ ነው፤ ዕቁብዎ በአንድ ዙር የሚሰጥዎት 10,000 ብር ነው፣ እርስዎ የሚፈልጉት ግን 48,000 ነው። ለጥልፍ መኪናው ዕቁቡ አጭር ሆነብዎት እንጂ ዕቁቡ መጥፎ ሆኖ አይደለም።

እንግዲህ ዕቁቡ ሲያልቅ ያንኑ በሳምንት 500 ብር ወደ ማኅበሩ ቢያዞሩት በ32 ሳምንት፣ ማለትም በስምንት ወር ገደማ፣ 16,000 ብር ይቆጥባሉ። ዕጣዎ ሲወጣ የሚያገኙትን 10,000 ብር በሙሉ ቢያስገቡማ ቀሪው 6,000 ብር ብቻ ስለሚሆን 12 ሳምንት ይበቃል፤ ግን ማኅበራት አብዛኛውን ጊዜ ለመበደር የተወሰነ ወራት በተከታታይ መቆጠብን ስለሚጠይቁ፣ በአንድ ጊዜ የገባ ገንዘብ ለብድር ይቆጠር እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ማኅበሩ የቁጠባውን ሦስት እጥፍ የሚያበድር ከሆነ 16,000 ብር የቆጠበ ሰው 48,000 ብር መጠየቅ ይችላል፤ የእርስዎ ጉድለት ልክ ይህ ነው። ሁለት እጥፍ ብቻ የሚያበድር ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ 24,000 ብር መቆጠብን ይጠይቃል። ስለዚህ እጥፉ ስንት እንደ ሆነ ከጎረቤትዎ አፍ ሳይሆን ከብድር መመሪያው ላይ ያንብቡት።

ወለዱ ላይ ትንሽ ላቆይዎት፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና። «ወለዱ 15 በመቶ ነው» ብቻ ቢባሉ ምንም አልተነገርዎትም፤ በምን ላይ እንደሚታሰብ ይጠይቁ። 48,000 ብር በሁለት ዓመት የሚከፈል ብድር ወስደው ወለዱ ከመጀመሪያው ብድር ላይ እንዳለ የሚታሰብ ከሆነ፣ በየዓመቱ 7,200፣ በሁለት ዓመት 14,400 ብር ወለድ ይከፍላሉ። ወለዱ በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ግን፣ በየወሩ 2,000 ብር ዋናውን እየመለሱ፣ የመጀመሪያው ወር ወለድ 600፣ የመጨረሻው ወር ወለድ 25 ብር ይሆንና ድምሩ 7,500 ብር ነው። ቁጥሩ ያው 15 በመቶ፣ ብድሩ ያው 48,000፣ ልዩነቱ 6,900 ብር። እንዲህ ያለው ስሌት በቃል ሲነገር ስለማይታይ፣ ከመፈረምዎ በፊት የመክፈያ ሠንጠረዡን በየወሩ ተዘርዝሮ እንዲያትሙልዎት ይጠይቁ፤ ከባለቤትዎ ጋር ማታ ቁጭ ብለው የመጨረሻውን ዓምድ ይደምሩ። በተጨማሪም ብድሩ እስኪያልቅ 16,000 ብር ቁጠባዎ እንደ መያዣ ታስሮ እንደሚቆይ አይርሱ፤ ስለዚህ 48,000 ብር ተበደርኩ ቢሉም ከሌሎች ሰዎች ያገኙት አዲስ ገንዘብ 32,000 ብር ነው። ይህን የምለው ላስፈራዎት አይደለም፤ የጥልፍ መኪናው በወር የሚያስገባልዎት ገቢ ከ2,600 ብር የመጀመሪያ ወር ክፍያ በላይ ካልሆነ ብድሩን ሳይጀምሩ መተው ስላለብዎት ነው። እስኪ ያለፈውን ወር ለጥልፍ ሠሪው የከፈሉትን ደረሰኝ ወይም ማስታወሻ አውጥተው ይደምሩት፤ መልሱ እዚያ ላይ አለ።

«ገንዘቤ ቢጠፋስ» ለሚለው ጥያቄዎ ወንድምዎ የሚሉትን መለየት ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ያሉት ወንድምዎ ስለሚኖሩበት አገር የሚናገሩት ትክክል ነው። አሜሪካ የክሬዲት ዩኒየን የፌዴራል ሕግ ካወጣችበት ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማኅበራቱ ሰፍተዋል፤ የፌዴራል መንግሥቱ ዋስትና ባለው ማኅበር ውስጥ ያለ ገንዘብ ለአንድ አባል እስከ 250,000 ዶላር ድረስ የተጠበቀ ነው። ማኅበሩ ቢከስር ወንድምዎ ገንዘባቸውን ያገኛሉ። በእኛ አገር የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የባንኮችንና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማትን አስቀማጮች እስከ 100,000 ብር የሚሸፍን ሲሆን፣ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት በእሱ ውስጥ አልተካተቱም። ማኅበራቱን የሚከታተለውም ብሔራዊ ባንክ ሳይሆን የኅብረት ሥራ ኮሚሽኑና በየደረጃው ያሉ ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። ስሙ ተመሳሳይ ስለሆነ ጥበቃውም ተመሳሳይ ነው ብለው አይውሰዱ። ይህ ማለት ያለዎትን ሁሉ ማኅበሩ ውስጥ አያስገቡም ማለት ነው፤ ለድንገተኛ ሕመምና ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የሚሆነውን ባንክ ይተዉት።

መድን ከሌለ የሚጠብቅዎት ዓይንዎ ነው። ማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የምዝገባ የምስክር ወረቀቱ ተሰቅሎ መኖሩን ይዩ፤ ቁጥሩን ጽፈው ወረዳዎ ያለው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ገብተው «ይህ ማኅበር በእናንተ ዘንድ አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ አንድ ቀን ጠዋት ብቻ ይወስድብዎታል። ቀጥለው የመጨረሻው የኦዲት ሪፖርት የየትኛው ዓመት እንደ ሆነ ይጠይቁ። ሦስትና አራት ዓመት ኦዲት ያልተደረገ ማኅበር ከሆነ፣ ሥራ አመራሩ ምንም ያህል ደግ ሰዎች ቢሆኑም እኔ ብሆን አልገባም። ሪፖርቱ ካለ ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ይፈልጉበት፤ በተበዳሪዎች እጅ ያለው ብድር ስንት እንደ ሆነና ከእሱ ውስጥ የመክፈያ ጊዜው ያለፈበት ስንት እንደ ሆነ። በመጨረሻም ከማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ገንዘብ ለማውጣት ስንት ሰው እንደሚፈርም ይጠይቁ፤ መልሱ «አንድ» ከሆነ አመስግነው ይውጡ።

አባል ከሆኑ በኋላም ጠቅላላ ጉባኤውን አይቅሩ። እኔ በነበርኩበት ማኅበር ጉባኤው እሑድ ጠዋት በትምህርት ቤት አዳራሽ ይጠራ ነበር። ሦስት ሰዓት የተባለው አምስት ሰዓት ይሆናል፤ ምልዓተ ጉባኤው ስላልሞላ ሰብሳቢው በየአምስት ደቂቃው በሩን ያያል፤ የመጡት በልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ሪፖርቱ ሲነበብ ግማሹ ስልኩን ይነካካል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት፣ ጉልት የሚቸረችሩ፣ እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ‹ልዩ ልዩ ወጪ› የምትለዋን ድገማት እስቲ» አሉ። ገንዘብ ያዡ ደገማት፤ ከዚያ «ልዩ ልዩ ምን ምን?» አሉ። ያቺ ጥያቄ አዳራሹን ሁሉ አነቃችው፤ የቁጥጥር ኮሚቴው ዝርዝሩን በአንድ ወር ውስጥ እንዲያቀርብ ተወሰነ። እኒያ እናት ያላቸው ዕጣ ከሁላችንም ያነሰ ነበር። የአንድ ሰው አንድ ድምፅ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ቀርቶ የሚውል አባል ግን ይህን ጥቅም በየዓመቱ እየከፈለበት ይጥለዋል። እርስዎ በሒሳብ ጎበዝ ከሆኑ (የጨርቅ ልክ እያሰሉ የሚሰፉ ሴት ጎበዝ መሆንዎን አልጠራጠርም) ጥቂት ቆይተው ለቁጥጥር ኮሚቴ ቢመረጡ ደስ ይለኛል።

አሁን ዋስትናው። ከብዙ ዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ነበር። አንድ ባልደረባዬ ቡና እየጠጣን ቅጹን ከሲኒው አጠገብ ዘርግቶ «እዚህች ጋ ብቻ» አለኝ፤ ፈረምኩ፤ ስንት ብር እንደ ሆነ እንኳ በደንብ አላየሁም። በአምስተኛው ወር ሥራውን ለቆ ከከተማው ጠፋ። በስድስተኛው ወር የደመወዝ ወረቀቴ ላይ የማላውቀው ተቀናሽ መጣ፤ ለ11 ወር ሳይቋረጥ መጣ። ማኅበሩ ምንም አልበደለኝም፤ የፈረምኩትን አስፈጸመብኝ እንጂ። የሌሎች አባላት ገንዘብ በዚያ ፊርማ ነው የተጠበቀው። ያኔ ያበሳጨኝ ባልደረባዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

በሕጉ በኩል ሁለት ነገር ይወቁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስ የሚሆነው ሰው የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ እንደሌለው በአንቀጽ 1922 ይደነግጋል፤ ስለዚህ ባዶ ቦታ ያለው የዋስትና ቅጽ ማንም ቢሰጥዎት አይፈርሙ። በተጨማሪም ቅጹ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለ፣ ማኅበሩ ጎረቤትዎን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ እርስዎ መምጣት ይችላል። ሁለተኛው የባለቤትዎ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ለዚህ ያህል ዕዳ ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይናገራል። «ለባለቤትሽ መንገር አያስፈልግም» ያሉት ጎረቤትዎ ምናልባት ሕጉን አያውቁ ይሆናል፤ ምናልባትም እሳቸው ራሳቸው ብድሩን ከባለቤታቸው ደብቀው ይሆናል። የቱም ይሁን፣ 90,000 ብር ዋስትና እርስዎ ለራስዎ ሊበደሩ ካሰቡት እጥፍ ገደማ ነው። ደግሞም ቁጠባዎ በእሳቸው ዕዳ ከታሰረ የራስዎን ብድር ሲጠይቁ ማኅበሩ «ነፃ ቁጠባ የለዎትም» ሊልዎት ይችላል፤ የጥልፍ መኪናው በእሳቸው ብድር ስር ይቀበራል።

ይህን ስል ዋስ የሚባል ነገር ይጥፋ ማለቴ አይደለም፤ እርስዎም ለ48,000 ብርዎ ዋስ ይፈልጋሉ፤ የማኅበሩ ሥራ የተሠራው በመተማመን ላይ ነው። ከዓመት በኋላ፣ የራስዎን ብድር መክፈል ጀምረው፣ አባላቱን አውቀው፣ ባለቤትዎ እያወቁ፣ በአቅምዎ ልክ ለሆነ መጠን ለሚያውቁት ሰው መፈረም ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜም ሆነ የራስዎን ብድር ሲወስዱ፣ ማኅበሩ የብድር መድን እንዳለው ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ከብድሩ ላይ ትንሽ መቶኛ ቆርጠው ተበዳሪው ቢሞት ዕዳው በቤተሰቡና በዋሶቹ ላይ እንዳይወድቅ ያደርጋሉ። የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «ወራሽ» የሚል መስመር አለ፤ ሰው ሁሉ በችኮላ ባዶውን ይተወዋል፤ እርስዎ ግን ይሙሉት።

ለጎረቤትዎ የሚሰጡት መልስ እንዳይከብድዎ አንድ ሐሳብ ላካፍልዎ። «አልፈልግም» ካሉ ወዳጅነት ይሻክራል፤ «እሺ» ካሉ ደግሞ ይታሰራሉ። እንዲህ ይበሏቸው፦ «እንግዲህ እኔ ገና አዲስ ነኝ፤ የራሴን ብድር ሳልጀምር ለማንም አልፈርምም ብዬ ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል።» ይህን ለማለት ግን መጀመሪያ ለባለቤትዎ መንገር ይኖርብዎታል፤ ዛሬ ማታ ታክሲውን አቁመው ሲገቡ ደብዳቤዎን ከመልሱ ጋር ያሳዩዋቸው።